ምስጥ ገዳይ ፈንገስ ሲባል የትኛው ነው? ከጅማ ኩይሳ እስከ ዘረመል ንባብ

በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስለ ምስጥ ሲነሣ ወሬው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ነገር አያልፍም፤ አንዱ ያጠፋው ንብረት፣ ሌላው የሚረጨው መድኃኒት። በጅማ ዙሪያም ሊሰበሰብ የደረሰ በቆሎ ከሥሩ ተቆርጦ ይጋደማል፤ ለአጥር የቆመ ባሕር ዛፍ ከላይ ደህና መስሎ ከመሬት በታች ባዶውን ይቀራል፤ የጭቃ ቤት ማገር ተበልቶ ግድግዳው ይዘማል። አሁን አሁን ሦስተኛ ወሬ ተጨምሯል። ምስጥን በሽታ አስይዞ የሚፈጅ ፈንገስ አለ፣ እሱ ካለ መርዝ መርጨት ይቀራል የሚል ነው።

ወሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። ለምስጥ መከላከያ ሲያገለግሉ የኖሩት አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር በአካባቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚያግደው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ከተወገዱ ቆይተዋል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2003 ተቀብላለች። በ2025 ደግሞ የስምምነቱ አባል አገሮች ክሎርፓይሪፎስ የተባለውን ፀረ ተባይ፣ ለተወሰኑ አገልግሎቶች ጊዜያዊ ፈቃድ ትተው፣ በሚወገዱት ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። የኬሚካሉ በር እየጠበበ ሲሄድ ሰው ወደ ተፈጥሮ መከላከያ ፊቱን ማዞሩ የሚጠበቅ ነው።

ችግሩ ያለው ወሬው ውስጥ ነው። ኩይሳ ላይ የበቀለ እንጉዳይ፣ የሞተ ምስጥ ላይ የታየ ሻጋታና በፋብሪካ ተመርቶ በፓኬት የሚሸጥ ዱቄት ሁሉም «የምስጥ ፈንገስ» እየተባሉ በአንድ ስም ይጠራሉ። ሦስቱ ግን አይገናኙም። ፈንገስ ምስጥን ይቆጣጠራል ወይስ አይቆጣጠርም የሚለው ክርክር የትኛው ፈንገስ እንደሆነ ሳይለይ ከተጀመረ ተከራካሪዎቹ ስለተለያየ ነገር እያወሩ ይውላሉ።

ኩይሳ ላይ የሚበቅለው የማን ነው?

በአገራችን እስካሁን 60 ያህል የምስጥ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ ሰብልም ቤትም አይነኩም። በአርሶ አደሩ ዘንድ ስማቸው የከፋው ማክሮተርመስ፣ ኦዶንቶተርመስ፣ ማይክሮተርመስና ሱዳካንቶተርመስ የሚባሉት ወገኖች ናቸው። እነዚህ አራቱ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ፈንገስ ያርሳሉ። ሠራተኞቹ ምስጦች ደረቅ ሣር፣ እንጨትና ገለባ በልተው ጎጇቸው ውስጥ ከኩሳቸው ስፖንጅ የመሰለ ክምር ይሠራሉ። ክምሩ ላይ ተርሚቶማይሰስ የተባለ ፈንገስ ያድጋል፤ ምስጡ ብቻውን በቀላሉ የማይፈጨውን የእንጨት ክፍል ፈንገሱ ያላላለታል። ወገኑን በዚህ ስም የመዘገበው ፈረንሳዊው የፈንገስ ሊቅ ሮዤ ሄም ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1942 ነው። ክረምት ሲገባ ከኩይሳው ጎንና ጫፍ ላይ ብቅ የሚለው፣ ተለቅሞ ወጥ የሚሠራለት ጣፋጭ እንጉዳይ የዚሁ ፈንገስ ፍሬ ነው። ስለዚህ ኩይሳ ላይ እንጉዳይ አይቶ «ምስጡን እየገደለው ነው» የሚል ሰው ነገሩን ገልብጦታል። እንጉዳዩ የምስጡ አዝመራ ነው።

ሁለተኛው እንግዳ ሱዶዛይላሪያ ይባላል። በዚያው የእርሻ ክምር ውስጥ እንደ አረም ተደብቆ የሚኖር ፈንገስ ሲሆን ምስጦቹ ጎጆውን እስካልለቀቁ ድረስ ራሱን አያሳይም። ጎጆው ባዶ ሲሆን ወይም ክምሩ ወጥቶ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀጫጭን ጭራ የመሰለ አበቃቀል ያወጣል። ኩይሳ አፍርሶ ንግሥቷን ያወጣ ሰው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይህን ሊያይና ቤተሰቡን ሁሉ የፈጀው ፈንገስ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። እርሱ ግን ከሞቱ በኋላ የደረሰ ወራሽ ነው።

ሦስተኛዎቹ ተራ ሻጋታዎች ናቸው። አስፐርጂለስ፣ ፔኒሲሊየም፣ ዳቦ ላይ የምናየው ሙኮር፤ እነዚህ የሞተ ነገር ሁሉ ላይ ያርፋሉ። የሞተ ምስጥ እርጥበት ካገኘ መሻገቱ አይቀርም፤ መሻገቱ ግን በምን እንደሞተ አይናገርም።

እነዚህ ሁሉ ከተለዩ በኋላ የሚቀሩት እውነተኞቹ ጥገኞች ናቸው። ጥገኛ ማለት በሕይወት ያለ ሌላ ፍጡር ላይ ወይም ውስጥ እየኖረ ከእርሱ የሚመገብ ማለት ነው፤ ጥገኛው የሚኖርበት ፍጡር ተሸካሚ ይባላል። እዚህም ቢሆን ሁሉም ገዳይ አይደለም።

ገዳዮቹና ተሸካሚያቸውን የማይገድሉት

ከገዳዮቹ ስማቸው የገነነ ሁለት ናቸው። ቦቬሪያ ባሲያና ስሙን ያገኘው ከጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ ነው፤ ባሲ የሐር ትልን የሚፈጀው ነጭ በሽታ ከሕያው ፈንገስ እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1835 አሳየ። ሜታራይዚየም አኒሶፕሊያን ደግሞ በ1879 ኦዴሳ ላይ ከስንዴ ጥንዚዛ ያገኘው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ነው፤ ኋላ በሰውነት የመከላከል አቅም ጥናቱ ኖቤል የተሸለመው ሳይንቲስት ማለት ነው። ሰብል አጥፊን በበሽታው የማጥቃት ሐሳብ እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። የፈንገሱ ዘር ስፖር ይባላል፤ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው። ስፖሩ ምስጡ ገላ ላይ ሲያርፍ ይጣበቃል፣ እርጥበት ሲያገኝ ያጎነቁላል፣ ከዚያም ፕሮቲንንና ካይቲንን የሚያሟሙ ኢንዛይሞች እያመነጨ፣ በግፊትም እየታገዘ ቅርፊቱን ሰርስሮ ይገባል። ካይቲን የነፍሳት ቅርፊት ከተሠራባቸው ዋነኛ ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ነፍሳትን የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች አብዛኛውን ጊዜ በአፍ መግባት አለባቸው፤ እነዚህ ፈንገሶች ግን በቆዳ ነው የሚገቡት፣ ተመራማሪ የሚወዳቸውም ለዚህ ነው። ውስጥ ከገቡ በኋላ በሰውነቱ ፈሳሽ ይባዛሉ፤ ሜታራይዚየም ዴስትረክሲን የተባሉ መርዞችንም ያመነጫል። ምስጡ ባመዛኙ ከሦስት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይሞታል።

እነዚህ ሁለቱ የመጣውን ነፍሳ ሁሉ የሚሞክሩ ናቸው። ምስጥን ለይተው የሚይዙ ሌሎች አሉ፤ ስለነሱ የሚታወቀው ግን በጣም ጥቂት ነው። ኮርዲሴፒዮይዲየስ ቢስፖረስ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1941 የተሰየመውና ዛሬ ኦፊዮኮርዲሴፕስ በተባለው ወገን ውስጥ የሚመደበው ፈንገስ የምስጥ በሽታ አምጪ መሆኑ በጎረቤት ኬንያ ተመዝግቦ በ1997 ታትሟል። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የመሰለ እርጥብ ደን ባለበት አገር መሰሎቹ አይኖሩም ብሎ ማሰብ ይከብዳል። መፈለግ ግን ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛው ምስጥ ብዙ ጊዜ ከመሬት በታች ስለሚሞት መንገደኛ አያገኘውም።

ከዚያ ደግሞ ተሸካሚያቸውን የማይገድሉት አሉ። የሃርቫርዱ ሮላንድ ታክስተር እ.ኤ.አ. በ1920 ላቡልቤኒዮፕሲስ፣ ኮሬኦማይሴቶፕሲስና ተርሚታሪያ የተባሉ ወገኖችን ከሕያው ምስጥ ገላ ላይ አግኝቶ ገለጸ። ተርሚታሪያ ቅርፊቱ ላይ ጠቆር ያለ እከክ መስሎ ይታያል። ላቡልቤኒዮፕሲስ ከሚሊሜትር በብዙ እጅ ያነሰች ናት፤ ምስጡ ፀጉር ያወጣ እንጂ በሽታ የያዘው አይመስልም። ምስጡ ይሠራል፣ ይበላል፣ ፈንገሱን ይዞ ይዞራል። ይህች ፈንገስ ከማን ጋር እንደምትዛመድ ለሰማንያ ዓመታት ያህል ሲያከራክር ኖሮ፣ በ2003 በዘረመል ንባብ፣ ማለትም የዲኤንኤ ቅደም ተከተልን በማንበብ፣ ካቲስቴስ ወደምትባል ከመልኳ ጋር ፈጽሞ ወደማትመሳሰል ፈንገስ የተጠጋች መሆኗ ታወቀ። በመልክ ብቻ መፍረድ የቱን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አረንጓዴ ሁሉ ሜታራይዚየም አይደለም

መለየት የሚጀምረው ከላቦራቶሪ በፊት ነው። በባክቴሪያ የሞተ ምስጥ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። በፈንገስ የሞተው አይበሰብስም፤ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። እርጥብ ቦታ ሲቀመጥ መጀመሪያ ነጭ ክር የሚታየው በእግሮቹ መጋጠሚያ፣ በአንቴናው ሥርና በሆዱ ቀለበቶች መካከል ነው፤ ቅርፊቱ ስስ የሆነበትን መርጦ ይወጣል ማለት ነው። ቦቬሪያ ከሆነ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሜታራይዚየም ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጩ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይለወጣል።

ናሙና የሚሰበስብ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ስሕተት ሊሠራ ይችላል። ምስጡን አልኮል ውስጥ ከከተተው ፈንገሱ ይሞትበታል፤ በፌስታል አፍኖ ካመጣው ደግሞ ተራው ሻጋታ ሁሉን አልብሶ ይጠብቀዋል። የሚሻለው የታመመውን በወረቀት ከረጢት ደረቅ አድርጎ መያዝ፣ ከዚያው ጎጆ ጥቂት ወታደር ምስጦችን ደግሞ ለብቻ በአልኮል ማስቀመጥ ነው። የወታደሮቹ ጭንቅላትና መንጋጋ የምስጡን ዝርያ ለመለየት ዋነኛው መረጃ ነውና። የተሸካሚው ስም የሌለበት የፈንገስ ናሙና ዋጋው ግማሽ ነው።

ላቦራቶሪ ሲደርስ ሬሳው በቀጠነ በረኪና ከላይ ይታጠባል፣ ከጀርም ነፃ በሆነ ውኃ ይለቀለቃል፣ እርጥብ ወረቀት በተነጠፈበት፣ ፔትሪ ዲሽ በተባለ ባለ ክዳን ዝርግ ሳህን ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ እጥበት በኋላ የሚወጣው ፈንገስ ከውስጥ የመጣ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ወጥቶም ገዳይነቱ አልተረጋገጠም። ለብቻው ተለይቶ አድጎ ጤነኛ ምስጥ ላይ መሞከር፣ ምስጡም ሲሞት ያው ፈንገስ ከገላው ተመልሶ መገኘት አለበት፤ የሮበርት ኮህ መመዘኛ የሚባለው ይህ ነው። ከጎን ፈንገስ ያልነካቸው ምስጦች በተመሳሳይ ዕቃ መቀመጣቸው የግድ ነው። ምስጥ ከጎጆው ሲለይ በራሱ ጊዜ ቶሎ ይሞታል፤ ይህ ንጽጽር ከሌለ ውኃም ምስጥ ገዳይ ሆኖ ይመዘገባል።

ማይክሮስኮፕ ስር የቦቬሪያ ስፖሮች ክብ ናቸው፤ ስፋታቸው ከሁለት እስከ ሦስት ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊሜትር ሺህኛ ሁለትና ሦስት እጅ፤ የሚያያዙትም በተጠማዘዘች፣ ዚግዛግ በሠራች ዘንግ ላይ ነው። የሜታራይዚየም ረዘም ያሉና ሁለቱ ጫፋቸው የደነበዘ ናቸው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ማይክሮን ይደርሳሉ፤ ተሰልፈው፣ ሰልፉም ከሰልፍ ተጣብቆ ዓምድ ይሠራሉ። አስፐርጂለስ ደግሞ በረጅም እግር ላይ ያበጠ ራስ አለው፤ ስፖሮቹ ከራሱ ዙሪያውን ይፈልቃሉ።

የመጨረሻውን መለየት የቀለም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አስፐርጂለስ ፍላቨስ ቢጫማ አረንጓዴ ነው፤ ላልሠለጠነ ዓይን ከሜታራይዚየም ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ የሞተ ምስጥ ላይም አዘውትሮ ይገኛል። አፍላቶክሲን የተባለውን፣ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያመጣ መርዝ የሚያመርተው ደግሞ እርሱ ነው፤ በጎተራ በቆሎ ላይ የምንፈራውም ይኸው ነው። ሜታራይዚየም በብዛት የሚመረተው በተቀቀለ ሩዝ ላይ በማሳደግ በመሆኑና ዘዴው ቀላል በመሆኑ፣ «ከማሳዬ ያገኘሁትን አረንጓዴ ፈንገስ አባዝቼ ልርጭ» የሚል ሰው ሳያውቅ አፍላቶክሲን አምራች አባዝቶ በቆሎው መካከል ሊበትን ይችላል። በዚህ ጉዳይ ላይ «ይሞከር» ከማለት በፊት «ይለይ» ማለት ተገቢ የሚሆነው ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ይመስላል።

ስሙ ራሱ ሲሰነጠቅ

ለረጅም ጊዜ በነፍሳት ላይ የተገኘ አረንጓዴ ፈንገስ በአብዛኛው ሜታራይዚየም አኒሶፕሊያ ተብሎ ይመዘገብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የብዙ ጂኖች ንጽጽር ይህ አንድ ስም ዘጠኝ ዝርያዎችን የያዘ መሆኑን አሳየ። ሜታራይዚየም ሮበርትሲ፣ ብሩኒየም፣ ፒንግሻኤንሴ፣ አክሪደም የተባሉት በዝርያ ደረጃ የቆሙት ያኔ ነው። በማይክሮስኮፕ አብዛኞቹን አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ ነው የሚል ካለ የአንበጣውን ጊዜ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2020 የበረሃ አንበጣ የአፍሪካ ቀንድን ባጥለቀለቀበት ወቅት ሶማሊያ ውስጥ የተረጨው ፈንገስ ሜታራይዚየም አክሪደም ነው። ቀደም ሲል የአኒሶፕሊያ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቆጠር ነበር። አክሪደም አንበጣንና ፌንጣን ለይቶ የሚያጠቃ ነው፤ ለአካባቢ ደኅንነቱ የተወደደውም ስለዚህ ነው። ፓኬቱ ላይ «ሜታራይዚየም» የሚል አንብቦ ለምስጥ የሚገዛ ሰው ግን ገንዘቡን ይከስራል። በተቃራኒው ሮበርትሲ ብዙ ዓይነት ነፍሳት ከማጥቃቱም በላይ ከዕፅዋት ሥር ጋር ይኖራል፤ በ2012 የታተመ ጥናት ከገደለው ነፍሳ ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ እንደሚያቀብል አሳይቷል። አንዱ የአንበጣ ጠላት፣ ሌላው የተክል ባልንጀራ፤ የቆየው መዝገብ ሁለቱንም በአንድ ስም ነው የሚያውቃቸው።

ዝርያውን ለመለየት ዛሬ የዘረመል ንባብ የግድ ሆኗል። ከኮቪድ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፒሲአር እዚህም ያገለግላል፤ የተመረጠ የዲኤንኤ ክፍል ይባዛል፣ ከዚያ ቅደም ተከተሉ ይነበባል። አይቲኤስ የተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች ሁሉ የጋራ መለያ እንዲሆን ተመርጧል፤ ርካሽና ቀላል በመሆኑ ብዙ ላቦራቶሪዎች በእርሱ ይቆማሉ። ለሜታራይዚየም ግን አይቲኤስ ቀበሌው ድረስ ያደርሳል እንጂ የቤት ቁጥሩን አይነግርም። የተቀራረቡትን ዝርያዎች የሚለየው በዋናነት ኢኤፍ አንድ አልፋ የተባለው ጂን ነው። ስለዚህ በአይቲኤስ ብቻ «አኒሶፕሊያ ነው» የሚል ውጤት ሲቀርብ አንባቢ በጥርጣሬ ቢያየው አይፈረድበትም።

ሌላም ወጥመድ አለ። የተነበበው ቅደም ተከተል ጂንባንክ ከተባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ጋር ይነጻጸርና «የቅርብ ተመሳሳይ» ይወጣል። ቋቱ ውስጥ ከ2009 በፊት በአሮጌው ስም የገቡ፣ በስሕተት የተሰየሙም ብዙ መዝገቦች አሉ፤ ከአፍሪካ ምስጦች የተገኙት ደግሞ ጥቂት ናቸው። የቅርብ ተመሳሳይ ማለት ያው ራሱ ማለት አይደለም። ከጅማ ደን የተገኘ ፈንገስ ገና ስም ያልወጣለት ሆኖ ሳለ የሩቅ ዘመዱን ስም ተሸክሞ ሊቀር ይችላል።

የቡና ባለሙያዎች ይህን የስም ውዥንብር ከቤታቸው ያውቁታል። በአካባቢያቸው ደን የቡና ቅጠል ዝገት የተባለውን በሽታ አምጪ ፈንገስ እየበላ የሚኖረው ነጭ ፈንገስ በዕድሜያቸው ቬርቲሲሊየም፣ ከዚያ ሌካኒሲሊየም፣ ከዚያ አካንቶማይሰስ ተብሏል። አንድ ፈንገስ በሁለት ስም መጠራቱ እንዲቀር ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ሳይንስ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሜልቦርን ላይ ወስኗል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን የቆየ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ስሞችን እያመሳከረ ማንበብ ይኖርበታል።

ከታወቀ በኋላስ ይሠራል?

እዚህ ላይ ባለሙያዎች ይለያያሉ። ተስፋ ያላቸው ወገኖች የሚያነሡት የላቦራቶሪ ውጤት ነው፤ ፔትሪ ዲሽ ውስጥ ስፖር የነካቸው ምስጦች በቀናት ውስጥ ያልቃሉ። በኢትዮጵያም በማክሮተርመስ ላይ በሁለቱም ፈንገሶች ተሞክሮ ገዳይነታቸው ታይቷል። የኩይሳ ውስጥ ሁኔታም ለፈንገስ የተመቸ ይመስላል፤ የማክሮተርመስ ጎጆ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተጠጋ፣ እርጥበቱ የበዛ፣ ስፖር ገዳይ የሆነው የፀሐይ ጨረር የማይደርስበት ነው።

ተጠራጣሪዎቹ ደግሞ ከባድ ማስረጃ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 የሃምሳ ዓመታት ሙከራዎችን የገመገሙ ተመራማሪዎች ምስጥን በበሽታ አምጪ ለመቆጣጠር የተደረገው ጥረት አልተሳካም ብለው ደመደሙ። በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለምስጥ የተመዘገበ የሜታራይዚየም ምርትም ሥር ሳይሰድ ቀርቷል። ምክንያቱ ሃያ ምስጥ በዲሽ ውስጥና መቶ ሺዎች በኩይሳ ውስጥ አንድ አለመሆናቸው ነው። ምስጦች እርስ በርስ ይላላሳሉ፤ የላሱት ስፖር ሆዳቸው ውስጥ ይመክናል። የታመመውን ይበሉታል ወይም በአፈር ይቀብሩታል። አንድ የአሜሪካ የእንጨት ምስጥ ዝርያ ስፖር ሲያገኝ ገላውን እያንቀጠቀጠ ሌሎቹ እንዲሸሹ ያስጠነቅቃል። ከምስጥ የተገኘውና ተርሚሲን ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2001 የተሰየመው ፈንገስ ገዳይ ፕሮቲን የተገኘው ፈንገስ አራሽ ከሆነው የአፍሪካ ምስጥ ከሱዳካንቶተርመስ ነው። እርሻውን ከአረም የሚጠብቅ ፍጡር ለፈንገስ መድኃኒት ቢኖረው አያስገርምም።

ናይሮቢ በሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል በኢሲፔ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ነገሩን የበለጠ አወሳሰበው። ማክሮተርመስ ሚካኤልሰኒ የተባለው ምስጥ ፈንገሱን በጠረኑ ያውቀዋል፤ ያውም የበለጠ ገዳይ የሆነውን የበለጠ ይሸሸዋል። ለመግደል ብሎ ብርቱውን መምረጥ ምስጡ ቶሎ እንዲነቃ ማድረግ ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ወገን ከሁለቱም ይለያል። በወለጋ፣ በተለይ በመንዲ አካባቢ ለአሠርት ዓመታት የታየውን የምስጥ ጉዳት የሚያጠኑ አንዳንዶች ምስጡ መዘዝ እንጂ መነሻ አይደለም ይላሉ። ደኑ ሲመነጠር፣ ግጦሹ ሲራቆት፣ ገለባው ሁሉ ሲነሣ ምስጡ የሚበላው የቆመ ሰብል ብቻ ይቀረዋል። በዘመቻ ንግሥት ማውጣቱም ሆነ መርዙ ዘላቂ ያልሆነው ለዚህ ነው፤ ፈንገስም ሣር አያበቅልም።

ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ ለተራቆተ መሬት ከማናቸውም ርጭት በፊት ሽፋኑን መመለስ እንደሚቀድም መቀበል ይገባል። የጅማ ዙሪያ ግን ገና ዛፍና ቡና ያለበት ነው፤ ጉዳቱም ከማሳ ይልቅ በቤትና በአጥር እንጨት ላይ የሚበረታበት ቦታ አለ፤ የወለጋው ምክንያት ሳይመረመር ወደዚህ አይገለበጥም። የተጠራጣሪዎቹ ድምዳሜም አንድ ቀዳዳ አለው። በሃምሳው ዓመት የተሞከሩት በአብዛኛው ሜታራይዚየምና ቦቬሪያ ናቸው፤ የተመረጡትም ምስጥን ስለሚመርጡ ሳይሆን አጋር በተባለው የላቦራቶሪ ማሳደጊያ ላይ በቀላሉ ስለሚያድጉና በጆንያ ሊመረቱ ስለሚችሉ ነው። ምስጥን ለይተው የሚይዙት፣ ከመከላከያው ጋር አብረው የኖሩት ዝርያዎች ገና በወጉ አልተፈተሹም፤ ብዙዎቹም በዲሽ አያድጉም። ያልተሳካው ምን እንደሆነ በትክክል ቢነገር፣ የጥቂት ዝርያዎች ሙከራ ነው። ይህን ማለት ግን ልዩዎቹ ተአምር ይሠራሉ ማለት አይደለም፤ ከአንድ ተሸካሚ ጋር የተቆራኘ ጥገኛ ተሸካሚውን ጨርሶ ቢያጠፋ መኖሪያውን ያጣል።

በጅማ ምን ሊሠራ ይችላል

ለመለየቱ ሥራ ጅማ የሚያንሰው ጥቂት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት ነው፤ መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልም የቡና በሽታዎችን ሲያጠና ፈንገስ ማሳደግና መለየት የዕለት ሥራው ሆኖ ኖሯል። ከአፈር ገዳይ ፈንገስ ለማጥመድ የሚያገለግለው መንገድ ደግሞ ውድ አይደለም። የንብ ቀፎ ሰም የሚበላውን ትል፣ ማር አምራቹ በጠላትነት የሚያውቀውን፣ እርጥብ አፈር ባለበት ዕቃ ውስጥ አድርጎ መጠበቅ ነው፤ አፈሩ ውስጥ ፈንገሱ ካለ ትሉ ታሞ ይሞትና ያሳየዋል። ምስጥን ብቻ የሚይዙትን ግን ይህ ዘዴ አያገኛቸውም። ለእነርሱ ጎጆ መክፈትና ሕያው ምስጥ እያገላበጡ በማይክሮስኮፕ ማየት ያስፈልጋል፤ በዝናብ መጀመሪያ የሚወጣው አሸንም ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ክንፋሞቹ ገላቸው ላይ ጥገኛ ይዘው ወደ አዲስ ጎጆ ሊያሻግሩ ይችላሉና።

የዘረመል ንባቡ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ሕግ ይመጣል። ፈንገስም የጄኔቲክ ሀብት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይደነግጋል፤ ጉዳዩን የሚከታተለውም የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ከጅማ አፈር የወጣ ፈንገስ ነገ ምርት ቢሆን ጥቅሙ ለማን እንደሚደርስ የሚወስነው የዚያን ቀን የተፈረመው ወረቀት ነው። ለገበያ ለማቅረብ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት እንደ ማንኛውም ፀረ ተባይ መመዝገብ ይኖርበታል። ፍጡሩ ማን እንደሆነ በትክክል ካልተጻፈ የምዝገባው ፎርም መጀመሪያው መስመር ላይ ይቆማል።

ንብ ሌላው ጉዳይ ነው። ቦቬሪያ ንብንም ሊይዝ የሚችል ሰፊ ጠባይ አለው። ማር መተዳደሪያ በሆነበት አካባቢ አበባ ላይ መርጨትና አፈር ውስጥ መቅበር አንድ አይደሉም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ አንዱ ናሙና ከሌላው በኃይሉ በብዙ ስለሚለይ፣ የተመረጠው ናሙና በንብ ላይ መፈተሽ አለበት።

ምናልባት በጣም ቅርቡ ጥቅም ከዚያው ከናይሮቢው ግኝት ይመጣ ይሆናል። ምስጡ የሚሸሽ ከሆነ ፈንገሱን ገዳይ ከማድረግ ጠባቂ ማድረግ ይቻላል፤ ኩይሳውን መፍጀቱ ቀርቶ በዘሩ ዙሪያ፣ በአጥር ምሰሶው እግር፣ በቤቱ መሠረት ስፖር አስቀምጦ ምስጡን ወደ ሌላ መመለስ ማለት ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ናሙና ሽታው የሚጠነክር፣ አፈር ውስጥ የሚቆይ፣ ከተክል ሥር ጋር የሚስማማ ነው፤ ከሜታራይዚየም ዝርያዎች የትኛው ይህን እንደሚያሟላ በጅማ ዝናብና አፈር ለማየት የሚያስፈልገው መሬት ውስጥ የተተከለ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ሁለት ክረምትና ስሙ የተረጋገጠ ፈንገስ ነው።